ሞሮኤሲ በዋናው በር የገባች ዕለት

የሞሆካሬ ወንዝ አጠገቧ በሚያልፍ ትንሽ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አለ። በዚያ መጦሪያ የሴቶች ክፍል ውስጥ ሞሮኤሲን የማያውቅ ጥፍር የለም። የአሮጊቶቹን ጥፍር ልትቆርጥ ስትነሳ መጀመሪያ እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ትዘፈዝፋለች፤ ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወሬ ታስጀምራቸዋለች። ወሬው ሳያልቅ ሥራው አልቆ ይገኛል። ብርድ ሲገባ ተረከዛቸውን ቫዝሊን ቀብታ ወፍራም ካልሲ ታጠልቅላቸዋለች፤ ጆሯቸው ሲደፈን ዘይት አሙቃ ጠብ ታደርግላቸዋለች። እሷ ዕረፍት በወጣችበት ቀን የሴቶቹ ክፍል ጭር ይላል።

ሰውነቷ ትልቅ ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ ሳቋ ቀድሟት ይገባል። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነው፤ መዘመር አትችልም። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ይሄን ጉድለት ማን ልብ ይለዋል? ሞሮኤሲ ግን የፓኪሶ ልጅ ናት።

ፓኪሶ በደህናው ጊዜ ቀን ቀን የባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ውለው አመሻሽ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ይመሩ ነበር። ዶ ሬ ሚን በእጃቸው ምልክት እያሳዩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እረኞችን ሳይቀር በአራት ድምፅ ያዘምሩ ነበር። ሚስታቸው ቀድማ ስላረፈች ልጃቸውን ያሳደጉት በመዘምራኑ መካከል ነው። ትንሿ ሞሮኤሲ ከፊት ረድፍ ቆማ ካልዘመርኩ ብላ ታስቸግራለች። አንድ ቀን አባት አዳምጠው አዳምጠው፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣ "የኔ ልጅ፣ አፍሽን ክፈቺ፤ ድምፅ ግን አታውጪ" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ሠርግም ይሁን ቀብር፣ መዝሙር በተነሳ ቁጥር ሞሮኤሲ አፏን እንደ ሰው ሁሉ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ማንም አያውቅባትም። "ከዘማሪዎቼ ሁሉ ተሳስታ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት" ይሉ ነበር አባቷ፣ በኩራት።

የአዛውንቱ ጉልበት ሲደክም ሞሮኤሲ ራሷ ወደምትሠራበት መጦሪያ አስገባቻቸው። ጎረቤቱ በሙሉ "ምን ያለ ዕድለኛ አባት ነው!" አለ። እሷም እንደዚያው አሰበች።

በመጦሪያው ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ ናቸው፤ መሀላቸው ላይ የመስታወት በር አለ። ማንም ሠራተኛ በሥራ ሰዓት የገዛ ዘመዱን መንከባከብ አይፈቀድለትም። ደንቡ የወጣው አንዷ ሠራተኛ የሌሎቹን ድርሻ ሥጋ ለእናቷ ስትጨምር ከተያዘች በኋላ ነው። ስለዚህ ሞሮኤሲ ጠዋት ስትገባ በመስታወቱ በኩል እጇን ታውለበልባለች፤ አባቷ የሱፍ ኮፍያቸውን ነካ ያደርጋሉ። ስትወጣም እንዲሁ። "አባትሽ እንዴት ናቸው?" ላላት ሁሉ "ደህና ነው፣ በየቀኑ አየዋለሁ" ትላለች።

ሌላም ያልተጻፈ ልማድ አለ። ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት የሠራተኛው ሥራ ነው። ጸጉር፣ ጢም፣ ጥፍርና ጆሮ ግን የቤተሰብ ነው። እሑድ እሑድ ልጆችና የልጅ ልጆች በዋናው በር ይመጣሉ፤ ወንበር ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ አባታቸውን ወይም እናታቸውን ከበው ይላጫሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይቀባሉ። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ሠራተኛ ደግ ልሥራ ብሎ የአንድ ሽማግሌ ጢም ቢላጭ፣ ልጆቻቸው እሑድ መጥተው "እኛ ሞተናል እንዴ?" ብለው ግቢውን አተራመሱት። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው እጁን የሚያሳርፈው ጠያቂ በሌላቸው ሰዎች ራስ ላይ ብቻ ነው። ሞሮኤሲ ደግሞ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ልጆች አሉባቸው ብላ፣ የእሑድን ተራ ሁልጊዜ ራሷ ትይዛለች። ጠያቂ የሌላቸው እናቶች የሷ ናቸው።

በዚያ የብርድ ወቅት ፓኪሶ ተለወጡ። ሲጠሯቸው አይዞሩም። "ገንፎ ይጨመርልዎ?" ሲሏቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ" ይላሉ። በአዳራሹ የአረጋውያኑ መዘምራን ሲለማመዱ ድሮ በሩ ላይ ቆመው ስህተት ይለቅሙ የነበሩት ሰው አሁን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

አንድ ሐሙስ የቤቱ ኃላፊ ሲስተር ማፖንቾ ሞሮኤሲን ወደ ክፍላቸው ጠሯት።

"ተቀመጪ ሞሮኤሲ።"

"ቆሜ ይሻለኛል ሲስተር።"

"ሰኞ ዶክተሩ ይመጣል። ስለ አባትሽ ልነግረው ነው። አእምሯቸው እየሄደ ነው ልጄ፤ አንቺም ታያለሽ። እንዲህ ላሉት በትልቁ ከተማ የተሠራ ቤት አለ። በሩ ይቆለፋል፣ ሰው አይጠፋም።"

"በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚያስኬደው?"

"እሱ ነው።"

"እሺ ሲስተር" አለችና ወጣች። ከዚያ አንሶላ ለማጠፍ ገብታ አንዱኑ አንሶላ ስታጥፍ ስትፈታ፣ ስታጥፍ ስትፈታ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ተራው የእማማ ማሊኔዮ ጥፍር ነበር። እማማ ማሊኔዮ ጥርሳቸው አልቋል፤ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ጣቴን ለሰኞ እፈልገዋለሁ።"

"ሰኞ ምን አለ እማማ?"

"ዶክተሩ ይመጣል አይደል? መልከ መልካም ልጅ ነው። እጄን ሲይዝ ያማረ እጅ ይያዝ እንጂ።"

በሌላ ቀን ቢሆን ሞሮኤሲ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ፈገግታዋ ከከንፈሯ አላለፈም።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"ይሄ የምንም ፊት አይደለም። ተናገሪ፣ አለዚያ እጄን አልሰጥም።"

ነገረቻቸው። እማማ ማሊኔዮ ጥፍሩ ያልተቆረጠውን ጣታቸውን አዩ።

"የአእምሮውን ነገር እኔ አላውቅም። ግን አባትሽ ስእለት አለበት እንዴ?"

"የምን ስእለት?"

"ጥፍሩን የሚያሳድገው ነዋ! ትናንት አዳራሹ ውስጥ ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ጭልፊት በይው! ድንች ማሳ ውስጥ ብትለቂው ያለ ዶማ ይጨርሰዋል። 'ልጅቷ የኛን እየቆረጠች የአባቷን የምትተወው ምን ብላ ነው?' አልኩና ደግሞ 'አያገባሽም ማሊኔዮ፣ ዝም በይ' አልኩ።"

"እርስዎ? ዝም አሉ?"

"አንዳንዴ ያመኛል" አሉ እማማ ማሊኔዮ።

ሞሮኤሲ መቁረጫውን ውኃው ውስጥ ጥላ ተነሳች።

ትላዲን ያገኘችው የልብስ ጋሪውን እየገፋ ከወንዶቹ ክፍል ሲወጣ ነው። ትላዲ የወንዶቹ አስታማሚ፣ የአረጋውያኑ መዘምራንም መሪ ነው። መሪ ያደረገው ከሌላው ሠራተኛ ሁሉ የጎላ ድምፁ ነው፤ ትላዲ ሲያንሾካሹክ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይሰማዋል።

"ትላዲ፣ የአባቴን ጥፍር የሚቆርጠው ማነው?"

"አንቺ ነሻ እትዬ።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

"እኔ ወደ እናንተ በኩል መቼ አልፋለሁ? ደንቡን ረሳኸው? አንተ የምትሠራለት መስሎኝ ነው እንጂ! ባልደረባዬ ነው፣ አባቴን እንደ አባቱ ይይዝልኛል ብዬ!"

"እኔ የሰው አባት ራስ ልነካ? ልጃቸው እዚሁ ቤት እያለች?" ትላዲ ጋሪውን ለቀቀው። "ያውም የትኛዋ ልጅ! በጥፍር ቆረጣ አገር ያወቃት! 'ትላዲ የአባቴን ጣት አጠማሞ' ብለሽ ጉድ እንድታደርጊኝ? እኔ እኮ የምትመጪ እየመሰለኝ እሑድ እሑድ ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ አወጣላቸዋለሁ!"

"እሑድ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ታዲያ እኔ በመስታወት አሳልፌ አያለሁ?"

"ኮፍያውንስ? ማን አውልቆ ጆሮውን ያይለታል?"

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተያዩ። ጋሪው ብቻውን ተንከባሎ ግድግዳ መታ።

ምሳዋን ያልበላችበት የዕረፍት ሰዓት ስለነበራት ሞሮኤሲ በዚያው የመስታወቱን በር ከፍታ ገባች። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። ሲያይዋት ፊታቸው በራ፤ ኮፍያቸውንም ነካ አደረጉ፣ መስታወቱ አሁንም በመሀላቸው ያለ ይመስል። እሷ ኮፍያውን ቀስ ብላ አወለቀችው። ጸጉራቸው እንደ አሮጌ ፍራሽ ጥጥ ተቋጥሯል። በጆሯቸው ዙሪያ ያለውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸውና አየች። የጆሯቸው ቀዳዳ የለም። የጆሮው ኩክ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን ገጥሞበታል። በዚያኛውም በኩል ያው ነው።

"አባዬ" አለች፣ ጆሯቸው ላይ ተጠግታ። አልሰሙም። ያንን ጭልፊት የመሰለ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርገው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲህ እኔም ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። ንገሪኝ፣ ማነው የሞተው?" አሏት።

ሞሮኤሲ ደነገጠች። ምናልባት ሲስተር እውነታቸውን ይሆን? ጆሮውም ተደፍኖ፣ አእምሮውም ሄዶ ይሆን?

ሆኖም ሮጣ ወደ ሲስተር ማፖንቾ ክፍል ሄደች፤ ይሄኔ ቁጭ በይ ሳትባል ተቀመጠች። ሲስተር እስኪያልቅ አዳመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"እኔም ገብቼ እወጣለሁ እኮ" አሉ። "ልጃቸው አለች ብዬ ኮፍያቸውን አንስቼ አላየሁም።" ከዚያ መነጽሩን መልሰው አደረጉ። "ትላዲ ጠዋትና ማታ ዘይት ያድርግላቸው፣ ይለስልስ። እሑድ እኔው ጆሯቸውን በውኃ አጥባለሁ። አንቺ ግን በሥራ ሰዓት አትሻገሪም፤ ደንብ ደንብ ነው።"

"እሑድ አልሠራም ሲስተር።"

"አንቺ? እሑድ?"

"እሑድ ጠያቂ ነኝ።"

እሑድ ጠዋት ሞሮኤሲ ያንን ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች፤ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦና ዶሮ በጨርቅ ቋጥራ፣ ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር በዋናው በር ተሰለፈች። ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ፣ በማእድ ቤቱ በኩል ነው። ዘበኛው ሲያያት ዓይኑን አጠበበ።

"አንቺ በጓሮ ነሽ እኮ።"

"ዛሬ ጠያቂ ነኝ።"

"እንዲያ ከሆነ ጠያቂ የሚጠይቀውን ይናገራል።" ዘበኛው ጨዋታ ይወዳል፤ ጎኑን ይዞ ቆመ። "ማንን ነው የምትጠይቂው እመቤት?"

"አባቴን። ፓኪሶን።"

"አባባ ፓኪሶን? ብዙ ዘመን እዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ለሳቸው ጠያቂ ሲመጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከሩቅ ነው የመጣሽው?"

ሊያስቃት ብሎ ነው። ሞሮኤሲ ግን የቋጠሮውን ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ "አዎ" አለች፣ "ከሩቅ ነው።" ዘበኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ በሩን እስከ ጥግ ከፈተላት።

ትላዲ ወንበሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ አባቷን አስቀምጦ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሞሮኤሲ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠመጠመችና ጀመረች። ጸጉሩ በመቀስ፣ ከዚያ በምላጭ። ሳሙናው አረፋ ሲያወጣ አዛውንቱ እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሴቶቹ መስኮት የእማማ ማሊኔዮ ድምፅ መጣ።

"አንቺ! እኛ ዛሬ ወላጅ አልባ ሆንን እኮ!"

"ጠዋት እጄን አውለበለብኩልዎት እኮ እማማ! በመስኮት!"

"ከጆሮው ጀርባም ላጪው! እዚያ ወፍ ጎጆ ሠርታ ይሆናል!"

ግማሽ ራስ እንደተላጨ ሲስተር ማፖንቾ ሞቅ ያለ ውኃና ትልቁን ሲሪንጅ ይዘው መጡ። ትላዲ ሳህኑን ከጆሯቸው ሥር ደገነ። ሲስተር አንዴ ረጩ፣ ምንም የለም። ደግመው ረጩ። በመጨረሻ አንድ ባቄላ የሚያህል ነገር ሳህኑ ላይ ጠብ አለ።

"ይሄማ ከሐዲዱ ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው!" ብሎ ትላዲ ጮኸ።

አዛውንቱ ብድግ አሉ። ወዲያው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። "ይሄን ልጅ ማን ነው እንዲህ የሚያስጮኸው?" አሉ።

ሞሮኤሲ ምላጩን እንደያዘች ቀረች። ሲስተር እጃቸው እየተጣደፈ ወደ ሁለተኛው ጆሮ ዞሩ፤ ሁለተኛው ባቄላ ሲወጣ ፓኪሶ አንገታቸውን ወደ ጣራው ቀና አድርገው፣ "ወፍ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ውኃ ይንጠባጠባል፤ ያንን ቧንቧ ዝጉት።"

በዚህ መሀል አዳራሹ ውስጥ መዘምራኑ ትላዲን መጠበቅ ሰልችቷቸው መሪ ሳይኖራቸው የእሑዱን መዝሙር ጀመሩ። የመጀመሪያው ስንኝ በደህና ሄደ። በሁለተኛው ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ። በሦስተኛው ሁሉም ተያይዘው ቁልቁል ወረዱ።

"ወረደ!" አሉ ፓኪሶ።

"ምኑ አባዬ?"

"መዝሙሩ ነዋ! ወረደ እኮ! እነዚህ ሰዎች እየዘመሩ ነው ወይስ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው?" ፎጣው አንገታቸው ላይ፣ አረፋው ግማሽ ራሳቸው ላይ እንዳለ፣ ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ አዳራሹ ገሰገሱ። ሞሮኤሲ ምላጩን ይዛ ተከተለቻቸው፤ ትላዲ ሳህኑን፤ ሲስተር ሲሪንጁን። ፀሐይ ላይ የነበሩት ቤተሰቦችም ምን ተፈጠረ ብለው ተከተሉ።

ፓኪሶ ከፊት ቆሙ። ምርኩዛቸውን ለትላዲ ሰጡና እጃቸውን አነሱ፤ እነዚያ ረጃጅም ጥፍሮች በመስኮቱ ብርሃን አብረቀረቁ። መዝሙሩ ቆመ። ጡጫ፣ ዶ። ዘርጋ ያለ መዳፍ፣ ሚ። እጃቸው ሲወጣ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ከገባበት ጉድጓድ አብሮ ወጣ። ሴቶቹ በቀጭኑ ገቡ፣ ወንዶቹ ከሥር ተሸከሙ፤ እማማ ማሊኔዮ በጋሪ ወንበራቸው ተገፍተው መጥተው ያለ ጥርስ ከሁሉ በላይ ዘመሩ። ጠያቂዎቹ እያጨበጨቡ ገቡበት። ሲስተር ማፖንቾ ሲሪንጁን እያወዛወዙ ነበር፤ ራሳቸው አላወቁትም።

ሞሮኤሲ ከፊት ረድፍ ነበረች፣ አፏ ተከፍቶ። ደስታው ግን ደረቷን ሞልቶ ሞልቶ መሄጃ አጣ፤ ሳታስበው ድምፅዋ ወጣ። የፓኪሶ ራስ ፈጥኖ ወደሷ ዞረ። በቀኝ እጃቸው መዝሙሩን እንደያዙ፣ የግራ እጃቸውን ጣት ወደ ከንፈራቸው አደረጉ።

እሷ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጆሯቸው በእርግጥ ተከፍቷል።

በኋላ ፀሐዩ ላይ ተመልሰው ዶሮውን ሲበሉ፣ የቀረው ጸጉር ተላጭቶ፣ ጥፍሩ አንድ በአንድ ለብ ባለው ውኃ ሲለሰልስ፣ ሞሮኤሲ "ማነው የሞተው ያልከኝ ምን ማለትህ ነበር?" አለቻቸው።

"እናንተ ናችኋ! መጀመሪያ ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ ጀመረ። ከዚያ ጭራሽ በከንፈር ብቻ ሆነ። አንቺንማ አልጠረጠርኩም፤ ድሮም አፍሽን ከፍተሽ ድምፅ አታወጪም። የትላዲ ድምፅ ሲጠፋ ግን፣ አሃ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቷል፣ እኔን ሊያረዱኝ ፈርተው ነው አልኩ። ታዲያ እስክትነግሩኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በየምሳው ዙሪያዬን አያለሁ፣ የጎደለ ሰው የለም። መጨረሻ ላይ እንጃ፣ የሞትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም አልኩ።"

ትላዲ ሳቁ አነቀው። ሞሮኤሲ አልሳቀችም። የአባቷን እጅ በፎጣ እያደረቀች፣ "ጥዬህ ነበር አባዬ" አለች።

"መቼ? በየቀኑ ታውለበልቢልኝ የለ?"

"በመስታወት።"

"እሱስ ልክ ነሽ፣ መስታወት ጥፍር አይቆርጥም።" ሌላኛውን እጃቸውን ሰጧት። "አውራ ጣቴን እንዳትረሺ። ደግሞ በሚመጣው እሑድ የዶሮውን ጨው ቀነስ አድርጊው።"

"በሚመጣው እሑድ" አለች ሞሮኤሲ። የእሑዱን ተራ ትላዲ በዚያው ወሰደላት።

ሰኞ ዶክተሩ መጣ። እማማ ማሊኔዮ እጃቸውን ሰጥተው ሲያበቁ፣ ወደ ወንዶቹ ክፍል አለፈ። ሞሮኤሲ ሥራ ላይ ስለሆነች የመስታወቱን በር አላለፈችም፤ አንሶላ ተሸክማ እዚያው ቆመች። ዶክተሩ ከአባቷ ፊት ተቀምጦ፣ እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ "አባባ! ይ-ሰ-ማ-ዎ-ታል?" ብሎ ጮኸ።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?" አሉ ፓኪሶ። "አዎ፣ በደንብ ይሰማኛል። እንዲያውም በዛ።"

"በዛ?"

አዛውንቱ ወደ ዶክተሩ ተጠጉ፤ ከበስተኋላቸው ትላዲ አልጋ እያነጠፈ የትናንቱን መዝሙር ለብቻው ያስገመግማል። "ዶክተር" አሉት፣ "ካስቸገርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ከተቻለ ለጆሮዬ ትንሽ ጥጥ እዘዝልኝ።"

ዶክተሩ ወደ ሲስተር ማፖንቾ ዞረ። ሲስተር ፓኪሶን ወደ ትልቁ ከተማ የሚያስተላልፈውን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ነበር። ከመስታወቱ ወዲህ ሞሮኤሲ እጇን አንስታ አውለበለበች፤ አባቷ ኮፍያቸውን ለመንካት እጃቸውን ሰደዱ፣ ኮፍያ የለም፤ የተላጨውን ራሳቸውን ዳበስ አድርገው ሳቁ።